የጭብጦ ክስ

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይላሉ አባቶች። ተከራክሬ፣ ተረትቼ የተነጠቅኋት በቅሎ አትቆጨኝም፤ ማንም ሳይዳኘኝ የተወሰደችብኝ ጭብጦ ግን ታንገበግበኛለች ማለታቸው ነው። ጭብጦ በመዳፍ ተጨብጣ የምትያዝ የመንገደኛ ስንቅ ናት፤ ሁለት ጊዜ ቢገምጧት ታልቃለች። ይህን ምሳሌ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ። ስለ ፍትሕ ጨዋታ በተነሣ ቁጥርም እንደ ሌላው ሰው ጣል አደርገው ነበር። እውነት ነው ወይ ብዬ የጠየቅሁት ግን የራሴ ጭብጦ ከሄደች በኋላ ነው።

የኔ ጭብጦ 1,400 ብር ነበረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመገናኛ ብዙም ከማይርቅ ትልቅ መደብር ማቀዝቀዣ ገዛሁ። ሻጩ ማስታወቂያው በየአደባባዩ የተሰቀለ ኩባንያ ነው፤ ስሙ ለዚህ ጽሑፍ ምንም አይጨምርምና እንለፈው። የአንድ ዓመት ዋስትና የሚል ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሰጡኝ። በአራተኛው ወር ማቀዝቀዣው ማጉረምረሙን ትቶ ዝም አለ። በጭነት መኪና አስጭኜ ወሰድሁላቸው። ከሳምንት በኋላ የተሰጠኝ መልስ፣ ጉዳቱ የደረሰው በመብራት መዋዠቅ ስለሆነ ዋስትናው አይሸፍነውም፤ ደግሞም የምርመራ ዋጋ 1,400 ብር ካልተከፈለ ዕቃው ከግቢ አይወጣም የሚል ነበር። የዋስትናውን ወረቀት ፊትና ጀርባውን አነበብሁት። ስለ ምርመራ ዋጋ የሚናገር አንድም ቃል የለበትም። መስኮቱ ጋ የተቀመጠችውን ልጅ ጠየቅኋት።

«ጋሼ፣ እኔ ምን ላድርግ? ሲስተሙ ነው የሚጠይቀው» አለችኝ።

ጮህሁባት። አሁን ሳስበው የማፍረው በዚህ ነው። ልጅቱ ዐይኗ ውሃ ሞላ፤ ከኋላዬ የተሰለፉት ሰዎች ግማሾቹ ለእኔ፣ ግማሾቹ ለእርሷ አዘኑ። ከፍዬ፣ ዕቃዬን ጭኜ ወጣሁ። ሾላ ገበያ አጠገብ ያለ አንድ የጥገና ባለሙያ ጀርባውን ፈትቶ፣ ፋብሪካው ሳይበይዳት የቀረች አንዲት ሽቦ አሳየኝና በየዳት። ማቀዝቀዣው ይኸው እስከ ዛሬ ያጉረመርማል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። አንድ ሰው ለ1,400 ብር ብሎ ትልቅ ኩባንያ መክሰስ ይገባዋል? ወይስ ነገሩ ትንሽነት ነው?

ወዳጆቼ በአንድ ድምፅ «ተወው» አሉኝ። ከመካከላቸው ያስጨነቀኝ የአንዱ ክርክር ነው። «ያንተን 1,400 ብር የሚሰማ ዳኛ፣ የባሏን ውርስ የተከለከለችን ባልቴት መዝገብ ለሌላ ቀን ይቀጥራል። ችሎት ያንተ ብቻ አይደለም» አለኝ። ይህ እውነትነት አለው። እስከ 10 ሚሊዮን ብር የሚደርስን የፍትሐ ብሔር ክርክር እንዲያይ በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ሥልጣን የተሰጠው የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው የኔንም ጭብጦ የሚመዝነው። አንድ ሚዛን ጤፍም ወርቅም ይመዝናል እንደማለት ነው።

የቀሩት ወዳጆቼ የሚያነሡት ግን ገንዘቡን ወይም ጊዜውን አልነበረም፤ ነውሩን ነበር። «ሰው ምን ይልሃል?» ነው ነገሩ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የሚያስቆይ ነገር ያለ ይመስለኛል።

ይሉኝታ ትልቅ በጎነታችን ነው። ጎረቤቴ የተበደረኝን ስኳር ባይመልስ ዝም እላለሁ፤ ነገ የልጄ ሰርግ ላይ ድንኳን ተካዩ እርሱ ነውና። ዕድርተኛዬ ሒሳብ ቢያጎድል በሽማግሌ በኩል በለሆሳስ ይነገረዋል። ዝምታችን ከንቱ አይደለም፤ ብድር ነው። የተውሁለት ሰው እንደተውሁለት ያውቃል፤ አንድ ቀን እርሱም ይተውልኛል። ይሉኝታ የሚሠራው ሁለታችንም ስላለን ነው።

ኩባንያ ይሉኝታ የለውም። ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ «ምን ይሉኛል» የሚልበት አንጀት ስላልተፈጠረለት ነው። እኔ 1,400 ብሬን በጨዋነት ትቼ ስወጣ፣ ጨዋነቴን የሚቀበል ሰው በዚያ ሕንፃ ውስጥ የለም። ልጅቱ አትቀበለው፤ ገንዘቡ ለእርሷ አልገባም። ሥራ አስኪያጁ አይቀበለው፤ እኔን አያውቀኝም። ጨዋነቴ የሚገባው ሒሳብ መዝገብ ውስጥ ነው፤ እዚያም ስሙ ጨዋነት አይደለም፣ ገቢ ነው። በወር አንድ ሺህ ሰው እንደኔ ጨዋ ቢሆን እንበልና፣ 1,400,000 ብር ይሆናል። ከዚያ መካከል አንዱ ተነሥቶ ቢከስና ቢረታ የአንዱ ይመለሳል፤ የ999ኙ ይቀመጣል። በጎረቤት መካከል በጎነት የሆነው ነገር፣ እዚህ ሲደርስ ለሌላው የሚከፈል ግብር ሆኖ አገኘሁት።

የቀድሞ ሰዎች ይህን ችግር አያውቁትም ነበር፤ ወይም በሌላ መንገድ ፈትተውት ነበር። በድሮው የሙግት ሥርዓታችን ባለዕዳና አበዳሪ፣ ከሳሽና ተከሳሽ፣ ጉዳያቸው እስኪቆረጥ ድረስ በኩታቸው ጫፍ ይቋጠሩ፣ አንዳንዴም በሰንሰለት ይቆራኙ ነበር። ቁራኛ የሚባለው ይህ ነው። አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ያድራሉ፣ አብረው ደጅ ይጠናሉ። ወደ አገራችን የመጡ የውጭ መንገደኞች በመገረም ጽፈውታል። ዛሬ ቃሉን ያተረፍነው ለበሽተኛ ነው፤ «የአልጋ ቁራኛ» እንላለን። («እሰጥ አገባ» የምንለውም እንዲሁ ከሙግት የተረፈ ነው፤ ተሟጋች በቅሎ ወይም ማር «እሰጥ» ብሎ ሲወራረድ ባላጋራው «አገባ» ይለው ነበር። የተረቱ በቅሎም በዚህ መንገድ ሳትሄድ አልቀረችም ብዬ እጠረጥራለሁ።) ምኒልክ እንጦጦ ላይ ከትመው ሳሉ፣ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከመቆርቆሯ በፊት፣ ያንን ዳገት ለአቤቱታ ከወጡት ሰዎች መካከል ስንቱ ከባላጋራው ጋር ተቋጥሮ እንደወጣ አንዳንድ ጊዜ አስባለሁ። ዳገቱ ሁለቱንም እኩል ያስተነፍሳቸዋል። ሀብታሙ ተከሳሽ ቤቱ ተቀምጦ ከሳሹን በቀጠሮ ሊያደክመው አይችልም፤ የሚደክሙት አብረው ነው።

ለሥርዓቱ ጥብቅና መቆሜ አይደለም፤ ብዙ ግፍ ነበረበት። ግን ኩታዬን ከማን ኩታ ጋር ልቋጥር? ከመስኮቷ ልጅ ጋር? እርሷ ከእኔ ይልቅ ቁራኛ ነች፤ ለደመወዟ። የጮህሁባት ሌላ ፊት ስላጣሁ ነበር። ሕግ ለኩባንያ «የሕግ ሰውነት» ሰጥቶታል፤ ይገዛል፣ ይሸጣል፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል። ኩታ ግን አልሰጠውም። ኩባንያ ሰው ሆኖ፣ ስሙ ተጠርቶ፣ «አለሁ» ብሎ እንዲቆም የሚገደድበት አንድ ቦታ አለ፤ እርሱም ችሎት ነው። እኔን ወደ ክሱ የገፋኝ ከብሩ ይልቅ ይህ ሐሳብ ነው፤ ሌላ ሰው ላይ ከመጮህ የሚያድነኝ መንገድ ይህ ብቻ መሰለኝ።

ጀርመናዊው የሕግ ሊቅ ሩዶልፍ ፎን ዬሪንግ እ.ኤ.አ. በ1872 ቪየና ላይ ባደረገውና በኋላ ባሳተመው ንግግር ስለ አንድ እንግሊዛዊ መንገደኛ ያነሣል። ሰውየው የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ወይም ባለጋሪ ያለአግባብ ሲያስከፍለው ጉዞውን አዘግይቶ፣ የተጠየቀውን ዐሥር እጥፍ አውጥቶ ይከራከራል። ሰዎች ይስቁበታል። ዬሪንግ ግን አይስቅም፤ ሰውየው የሚከላከለው ሳንቲሙን ሳይሆን ራሱን ነው፤ መብቱን የሚተው ሰው ከማንነቱ ቆርሶ ይተዋል ይላል። ስናነበው የኛ የጭብጦ ተረት በፕሮፌሰር ካባ ተጀቡኖ የመጣ ይመስላል።

ዬሪንግ በዚያው ንግግሩ ኮልሃስንም ያነሣል፤ ደራሲው ክላይስት እ.ኤ.አ. በ1810 ያሳተመው ታሪክ ባለጉዳይ ነው። ኮልሃስ የፈረስ ነጋዴ ነው። አንድ መስፍን ሁለት ፈረሶቹን ያለአግባብ ይዞ ያጎሳቁልበታል። ፍርድ ሲከለከል ጦር ሰብስቦ ከተማ ያቃጥላል፤ በመጨረሻ ፈረሶቹ ወፍረው ይመለሱለታል፣ እርሱም አንገቱ ይቀላል። የታሪኩ መነሻ የሆነው እውነተኛው ሰው እ.ኤ.አ. በ1540 በርሊን ላይ በሞት ተቀጥቷል። ፍርድ ፍለጋ የወጣ ሰው ፍርደ ገምድል ሆኖ ሊመለስ እንደሚችል ለማወቅ እኔ ግን እስከ በርሊን መሄድ አላስፈለገኝም፤ መስኮቷ ጋ አይቼዋለሁ።

ሆኖም እንግሊዛዊውም ሆነ የተረቱ ባለቤት የሚያስቀሩብኝ ነገር አለ። ዐሥር እጥፍ ማውጣት የሚችል እንግሊዛዊ ባለገንዘብ ነው። ተረቱንም ልብ ብለን ብናዳምጠው የሚናገረው ሰው በቅሎ ያለው ነው! ጭብጦዋ ያንገበገበችው፣ ብታንገበግበውም የሚቀመጥባት በቅሎ ስላለችው ነው። በቅሎ የሌለው፣ ጭብጦ ብቻ ያለው ሰውስ? እርሱ ምን ብሎ እንደሚተርት ማንም አልጻፈልንም።

በማለዳ በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል ሽቅብ የወጣ ሰው፣ ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶችን ያውቃቸዋል። ወገባቸው ለሁለት ታጥፎ፣ ዐይናቸው መሬት መሬት እያየ ነው የሚወርዱት። ከእነርሱ አንዷ ከገዛችው ምድጃ ወይም ካርድ ላይ ሃምሳ ብር ያለአግባብ ቢቆረጥባት፣ ሃምሳው ለእርሷ ከኔ 1,400 ይበልጣል። ግን አንድ ቀን ችሎት መቆም ማለት አንድ ቀን ሸክም መተው ነው፤ ሦስት ቀጠሮ ሦስት ቀን ጾም ነው። በዬሪንግ ሒሳብ ከሄድን እርሷ ከማንነቷ ቆርሳ ተወች ልንል ነው። እንዲህ የሚል አፍ የለኝም። ዝም ያለችው መብቷን ንቃ ሳይሆን ልጆቿን መግባ ነው። ስለዚህ መክሰስ የሁሉ ሰው ግዴታ ነው የሚለውን አልቀበልም። ግዴታነቱ ካለም ያለው በቅሎ ባለን ላይ ነው።

ሕጉ በየዘመኑ ይህን ሳያስብ አልቀረም። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የተቋቋመው አጥቢያ ዳኛ እስከ 25 ብር የሚደርስ ክርክር በየሰፈሩ ይቆርጥ ነበር። በደርግ ዘመን የቀበሌ ፍርድ ሸንጎ መጣ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአዲስ አበባ ቻርተር ደግሞ ለቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤቶች እስከ 5,000 ብር በሚደርስ የገንዘብና የንብረት ክርክር የመዳኘት ሥልጣን ሰጣቸው። ሁሉም የተቀለሱት ለጭብጦ ነው፤ ቅርብና ቀላል እንዲሆኑ። ሁሉም ግን በልባቸው የያዙት አንድ ሥዕል ነበር፤ ከሳሽና ተከሳሽ ጎረቤት ናቸው። አጥሩን አፍርሶብኛል፣ በጓ ጎመኔን በላችብኝ፣ ዕቁቡን አልከፈለኝም። ኩባንያ የማን ጎረቤት ነው?

ይህን ጥያቄ በሌላ አገር አንዲት ድሃ ሴት ጠይቃው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1928 ሜይ ዶኖሁ የምትባል ስኮትላንዳዊት ፔይዝሊ ከተማ ውስጥ አንድ ካፌ ገባች። ጓደኛዋ በጨለማ ጠርሙስ የታሸገ የዝንጅብል መጠጥ ገዛችላት። ግማሹን ከጠጣች በኋላ የቀረው ሲቀዳ የበሰበሰ ቀንድ አውጣ ወጣ ተባለ፤ ሴትዮዋም ታመመች። ችግሩ መጠጡን የገዛችው እርሷ አለመሆኗ ነው፤ ከካፌውም ከፋብሪካውም ጋር ውል የላትም። ጉዳዩ እየተገፋ እስከ እንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት ደረሰ። የዳኝነት የምትከፍለው አልነበራትምና፣ በዓለም ላይ ያላት ሁሉ ቢደመር አምስት ፓውንድ እንደማያወጣ አስመስክራ በነፃ እንድትከራከር ተፈቀደላት። እ.ኤ.አ. በ1932 ሦስት ዳኞች ለእርሷ፣ ሁለት በእርሷ ላይ ፈረዱ። ከሦስቱ አንዱ ሎርድ አትኪን ነበር። በወንጌል ሕግ ዐዋቂው ስለ ባልንጀራው ማንነት ክርስቶስን የጠየቀውን ጥያቄ አንሥቶ፣ ለሕግም ጎረቤቴ የሚባለው በሥራዬ ይነካል ብዬ ላስበው የሚገባኝ ሰው ነው አለ። በዚህ ሚዛን ፋብሪካው መልኳን ያላያት ጠጪ ጎረቤቱ ሆነች። የሚያስገርመው፣ ቀንድ አውጣው በጠርሙሱ ውስጥ ኖሮ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም። ማስረጃ ሳይሰማ ነገሩ በስምምነት አለቀ።

የኛም ሕግ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2085፣ ለትርፍ ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው ዕቃው በአግባቡ ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉም የዳኝነት መክፈል ያቃተው ሰው ሳይከፍል የሚከስበትን መንገድ ከቁጥር 467 ጀምሮ አስፍሯል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ማስታወቂያ ተሰቅሎ ባየሁ ቁጥር ይህ ትዝ እያለኝ እስቃለሁ። አዋጁ ሸማች በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ፣ ከስድብና ከዛቻ የመጠበቅ መብት እንዳለውም ይደነግጋል። ስለ ሻጯ ልጅ በዚያ አንቀጽ የተጻፈ የለም፤ ለእርሷ እኔ ራሴ ልጨምርላት ይገባኝ ነበር።

ከሰስሁ። ከፍርድ ቤቱ በር አጠገብ በጃንጥላ ሥር የሚቀመጡ አንድ አዛውንት የክስ ማመልከቻዬን ጻፉልኝ። ወረቀቶቼን ሁሉ አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ይህን ክፍያ የከፈልኸው አንተ ብቻ ነህ?»

«አይመስለኝም፣ አባባ። ጎረቤቴም ከፍለዋል።»

«እንግዲያው ሰው ሰብስብ። ቁጥር 38 ስለ አንድ ዓይነት ጥቅም አንዱ ስለ ሌሎቹ ሊከስ ይችላል ይላል፤ ፍርድ ቤቱ ከፈቀደ። ዝም ብለህ ስለ እርሳቸው ብትከስ ግን ‹አንተን ምን አገባህ› ይሉሃል፤ ቁጥር 33።»

የጎረቤቴን ነገር አውቀዋለሁ። ኮተቤ፣ ከእኛ በር ፊት ለፊት የሚኖሩ እትዬ ናቸው። ልጃቸው ከዐረብ አገር በላከችላቸው ገንዘብ ከዚያው መደብር ማቀዝቀዣ ገዙ፤ ተበላሸ፤ የምርመራውን ከፍለው ሳይሠራ ይዘውት ተመለሱ። አሁን ቁም ሣጥን ሆኗል፤ በርበሬና ሽሮ ያስቀምጡበታል። ለአዛውንቱ «አስብበታለሁ» አልኋቸው። ሰው መሰብሰብ ጊዜ ይወስዳል፤ ማስፈቀድ ይወስዳል፤ እኔ ደግሞ ቸኩዬ ነበር። በስሜ ብቻ ተጻፈ።

በመጀመሪያው ቀጠሮ ኩባንያው ነገረ ፈጁን ላከ። ዳኛዋ የተከሳሹን ስም ሲጠሩ ወጣቱ ተነሥቶ «አለን» አለ። አላጋንንም፣ ያቺ ቃል የከፈልሁትን ግማሽ መለሰችልኝ። ከችሎት ስንወጣ ተከትሎኝ መጣና በትሕትና አነጋገረኝ። ገንዘቤ ይመለስልኛል፤ የዳኝነትና የመጓጓዣም ይጨመርልኛል፤ ክሱን ላንሣ። ምን ተብሎ እንደሚመለስልኝ ጠየቅሁት። «ለደንበኛ በጎ ፈቃድ» አለኝ። «ያለአግባብ የተከፈለ ተመላሽ» ተብሎ ይጻፍልኝ አልሁት። ስልክ ደወለ፤ ጥቂት አዳመጠ፤ «እርሱን አይችሉም» አለ።

ሁለት ሌሊት አሰብሁበት። የሚቀጥለው ቀጠሮ ከሁለት ወር በኋላ ነበር። መሥሪያ ቤቴ ፈቃድ ሰልችቶታል። ያ ወዳጄ ያነሣት ባልቴትም መዝገቧን ይዛ ከኋላዬ የቆመች መሰለኝ፤ ወይም እንዲመስለኝ ፈለግሁ። በሦስተኛው ቀን ፈረምሁ። ቫውቸሩ ላይ «በጎ ፈቃድ» ይላል። በጎ ፈቃድ ያደረገ ሰው ያጠፋው ነገር የለም፤ የምርመራው ክፍያም እንዳለ ነው። ተረቱ በፍርድ የሄደችውንና ያለ ፍርድ የሄደችውን ለይቶ ይናገራል፤ ያለ ፍርድ ስለተመለሰች ጭብጦ ግን ዝም ይላል።

በዚያው ምሽት እትዬ ቡና ጠሩኝ። ወሬው ደርሷቸው ኖሮ ፊታቸው በርቷል።

«ረታሃቸው አሉ!»

«መለሱልኝ፣ እትዬ።»

«ተባረክ። የኔንስ ወረቀት አሳየኸልኝ?»

አላሳየሁም። ስለ ቁጥር 33 ላስረዳቸው ጀመርሁ፤ ስለ ቁጥር 38 አልነገርኋቸውም። እየሰሙኝ ተነሡ፣ ማቀዝቀዣቸውን ከፈቱ፣ ከሽሮው ጎን የቡናውን ቆርቆሮ አወጡና ፍሬውን መልቀም ጀመሩ።